የአንድ ሰዓት ሐዘን

የእንጀራ አባቴ ከአንድ ጊዜ በቀር በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «እንግዳው» ነበር የሚለኝ። «እንግዳው መጣ፣ በሩን ዝጉት።» «እንግዳው በልቷል ወይስ ገና ነው?» ይህን የሚለው እኔ ፊቱ ቆሜ፣ ለእናቴ ነው። ለሰሚው ቀልድ ይመስላል። ቤት የሚመጡ ሰዎች ይስቁለት ነበር። እኔም ልጅ ሳለሁ አብሬ ስቄያለሁ። አንድ ቀን ግን ሲቀልድ የት እንደሚያይ ልብ አልኩ። አፉ ይስቃል፣ ዓይኑ እኔ ላይ ነው፤ ዕቃ የጠፋበት ሰው የሌላውን እጅ እንደሚያይ። ከዚያ ወዲህ ሳቁን ተውኩና እሱን መከታተል ጀመርኩ።

የምንኖረው ሬሆቮት ነው፣ ከክፋር ማርሞሬክ ብዙ ሳይርቅ፣ አሮጌ ፎቆች በተደረደሩበት ሰፈር። በእኛ ደረጃ ከየበሩ የሚወጣው አማርኛ ነበር፤ ከአንድ በር በቀር። እዚያ የምትኖረው የየመን አይሁድ አሮጊት ናት። ማርሞሬክ ተወልዳ ያደገች፣ ባሏ ሲሞት ልጆቿ ወደ ፎቅ ያዛወሯት። አማርኛ አንድ ቃል አትሰማም። ግን የእንጀራ አባቴ የትምህርት ቤት ቦርሳዬን ከበረንዳ ወደ ታች ሲወረውረው፣ አንሥታ የበሯ እጀታ ላይ ታንጠለጥልልኝ ነበር። ምንም አትጠይቀኝም። ወስጄ እሄዳለሁ።

እሱ የሚሠራው ቂርያት ቫይዝማን ነው፤ የተማሩ ሰዎች የሚሠሩበትን ሕንፃ ወለል ይወለውላል። በሥራው ሰው አያማውም። ከሥራ ሲመለስ ግን ቤት አይመጣም፣ ሚቅላት ነው የሚወርደው። ሚቅላት ሮኬት ሲመጣ ሰው የሚገባበት የምድር ቤት ነው። ሮኬት በሌለበት ጊዜ የሰፈሩ ወንዶች ካርታ መጫወቻና መጠጫ ነበር። ዓረቅ ይጠጣሉ። ያገራችን አረቄ ዘመድ ነው፣ እንስላል እንስላል ይሸታል። እስከ ዛሬ ያ ሽታ ከመጣብኝ ሰው የሚለኝን አልሰማም፤ መጀመሪያ የማየው በሩ የት እንዳለ ነው።

መታኝ ወይ? አዎ፣ መትቶኛል። በቀበቶም በእጁም። አንድ ዐርብ ሰንበት ሊገባ ሲል አስወጥቶ ቆልፎብኝ፣ እናቴ ከበሩ ወዲያ እያለቀሰች፣ እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ የጎረቤቱን ሁሉ የሰንበት ምግብ ሽታ ስቀበል አምሽቻለሁ። ይህን የምጽፈው ለማስለቀስ አይደለም። በዚያ ሰፈር የተመታሁ እኔ ብቻ አይደለሁም። የኔ ነገር ሌላ ነው። እኔ ይህ ሰው አባቴን ደብቆብኛል ብዬ ነው ያደግሁት። ቀበቶውም ቦርሳውም ከዚህ በታች ነው።

አባቴን የማስታውሰው በጥቂቱ ነው። አዲስ አበባ ነበርን፤ ከጎንደር መጥተን፣ ወደ እስራኤል የምንሄድበትን ቀን እየጠበቅን። በአንድ ግቢ ብዙ ቤተሰብ ተከራይቶ ይኖራል። አባቴ እናቱን ገጠር ትቷት መጥቶ ነበር፤ ዓይኗ አያይም። «ያለሷ አልሄድም» አለ። ሊያመጣት ሲነሣ የግቢው ሰው ወጥቶ ሸኘው። እኔ እግሩ ሥር ነበርኩ። ከሸኚዎቹ አንዱ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣

«ሂድ፣ አምጣት። ቀኑ ገና ነው» አለው።

ያ ሰው ነው በኋላ የእንጀራ አባቴ የሆነው።

አባቴ ሳይመለስ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው። ከዚያ አውሮፕላኖቹ በድንገት መጡ። ሰው ጓዙን ጥሎ፣ ቁጥር ተለጥፎበት ይገፋፋል። እናቴ ታቅማማለች። ያው ሰውዬ «ይደርሳል፣ በሚቀጥለው ይመጣል» ይላታል። እኔ ወደ በሩ እየዞርኩ አያለሁ። እጄን ይዞ ጎተተኝ። አጥብቆ ነው የያዘኝ። የልጅ እጅ አያያዝ አይደለም፤ ሊያመልጥ የሚል ከብት አያያዝ ነው። ያንን አያያዝ እጄ አልረሳውም።

እዚህ ስንደርስ መጀመሪያ ያሳረፉን ቃራቫን ውስጥ ነው፤ እንደ ሣጥን የተደረደሩ የቆርቆሮ ቤቶች። ሰውየው የደረሰው ቤት ከኛ ጎን ነው፤ የሚኖረው ብቻውን ነው። ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹን ሰብስበው ለጥቂት ቀን ወደ ባሕር ወሰዱን። ስመለስ የእናቴ ራስ ተላጭቷል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ቅማል ያዘኝ።»

የጎረቤት ሴቶች ጸጥ ብለው ያዩኛል። አንዷ ሳመችኝና ሳትለቀኝ ቆየች። ሰውየው ደጁ ላይ ተቀምጧል። ጠጥቷል። ዓይኑን አንሥቶ አየኝና መልሶ ጣለው። እኔ በልጅ ሐሳቤ እሱ ነው የላጫት አልኩ። ለምን እንደሚላጫት አላውቅም። ግን እሱ ነው።

ቆይቶ ሬሆቮት ቤት አግኝተን ስንገባ አብሮን ገባ። ሽማግሎች ተቀመጡ፣ ተነጋገሩ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ አለቀ። እናቴ «ከእንግዲህ አንቱ ትለዋለህ» አለችኝ። አልኩ። አንቱታ አይከብድም። እንዲያውም ለሚጠሉት ሰው ይመቻል፤ ራቅ አድርጎ ያቆመዋል።

«አባቴ ሲመጣ የት ይተኛል?» አልኩ።

እናቴ ፊቷን አዞረች። የመለሰው እሱ ነው። «እንግዳው ስለ መኝታ ይጠይቃል» አለና ሳቀ። ስሙ የወጣልኝ ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ በቤታችን ውስጥ ፖሊሱ እኔ ሆንኩ። ስልክ ሲደወል ማን ቀድሞ እንደሚያነሣ አያለሁ። እሱ ነው። አነጋገሩን አዳምጣለሁ፤ እኔ ስገባ «ቤሰደር፣ ቤሰደር»፣ እሺ እሺ ማለት ነው፣ ይልና ይዘጋዋል። ኪሱን ፈትሻለሁ። ጫማውን ሳይቀር አራግፌያለሁ። ምን እንደምፈልግ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ከገጠራችን በቅርብ የመጣ ሰው ሊጠይቀን መጣ። ሻይ ይዞ ተቀምጦ እየሳቀ ነበር። እኔ ስገባ «ይህ ማነው?» አለ። እናቴ ነገረችው። የሰውየው ፊት ወዲያው ተለወጠ፣ ብርጭቆውን አስቀምጦ እጁን ወደኔ ዘረጋ፣ አፉን ከፈተ። የእንጀራ አባቴ ብድግ ብሎ ክንዱን ያዘው።

«ና፣ ሰፈሩን ላሳይህ» አለው።

«ልጁን ልሳመው እንጂ።»

«ስትመለስ ትስመዋለህ። ያላ፣ እንሂድ።»

አልተመለሰም። በመስኮት አየኋቸው፣ ከታች ቆመው ሲነጋገሩ። ሰውየው ራሱን ይነቀንቃል። ታዲያ እኔ ምን ልበል? ከአባቴ የተላከ ሰው ነው፣ ይህ ሰካራም መልሶ ላከው፤ ይህን ነው ያልኩት።

ትምህርት ቤት ሂድ ብለው ሲልኩኝ አውቶቡስ ተሳፍሬ አዲስ የመጡ ሰዎች ወደሚያርፉበት ቦታ እሄዳለሁ። ከበሩ አጠገብ ያለው ግንብ ላይ እቀመጣለሁ። ሽማግሌ ሲወጣ ተነሥቼ ጉልበት እስማለሁ፣ ከዚያ የአባቴን ስም ከነአባቱ እጠራለሁ።

«ያውቁታል?»

«የእሱ ልጅ ነህ?»

«አዎን።»

«እግዜር ያሳድግህ።»

«መጥቷል ወይ ብዬ ነው።»

እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ሽማግሌው ጓደኛውን ያያል፣ ጓደኛው ዱላውን ያያል። «ከማን ጋር ነው የምትኖር?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። «እንግዲህ እነሱ ያውቃሉ» ይላሉ። አንዱ ብርቱካን ሰጥቶኝ ሄደ። ብርቱካኑን ግንቡ ላይ ትቼው መጣሁ። የሚደብቀኝ ሰው የሰጠኝን አልበላም።

ሁሉንም ዝም ያሰኛቸው እሱ ነው ብዬ ደመደምኩ። ወለል የሚወለውል ሰው፣ ማታ ማታ ደረጃውን በአራት እግሩ የሚወጣ ሰው፤ እኔ ግን ከጎንደር እስከ ሬሆቮት የሰው አፍ የሚያስይዝ ሥልጣን ሰጠሁት። በዚህ መሀል ትምህርቱ አመለጠኝ። አስተማሪዋ መጀመሪያ ትጠይቅ ነበር፣ በኋላ ተወችው፤ ከኋላ ተቀምጬ ዝም እስካልኩ ድረስ ለሷም ለኔም ተመቸን። ፊደል የለየሁት ጢሜ ሽበት ሲጀምረው ነው፣ የአማርኛውንም የዕብራይስጡንም። ለዚህ ማንንም አላመሰግንም። ይህን በአማርኛ የምጽፈውም እሱ እንዲያነበው ብዬ አይደለም። ማንበብ አይችልም።

አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ቂርያት ዔቅሮን ነው የሚኖረው። ከኛ በእግር ይኬዳል። ቤታችን ግን አይገባም። የወንድሙ ሚስት ከሌላ ባል ጋር የምትኖርበትን ደጅ ምን ብሎ ይረግጣል? በበዓል በበዓል ከፎቁ ሥር ቆሞ ያስጠራኛል። ድሮ ከረሜላ በላስቲክ፣ በኋላ ሸሚዝ ያመጣልኛል። ራሴን በሁለት እጁ ይዞ «ቻለው፤ ወንድ ልጅ ይችለዋል» ይለኛል።

«እችለዋለሁ» እላለሁ። የእንጀራ አባቴን ቻለው የሚለኝ ነበር የመሰለኝ።

የአጎቴ ዓይን እንባ ያቀርራል። እኔ ደግሞ በሆዴ፣ ይህን ያህል ካዘነልኝ ለምን ወጥቶ የሰውየውን አንገት አይዝም እላለሁ። ስለዚህ እሱንም ጠረጠርኩት። ሸሚዙን ግን ለብሻለሁ።

ወታደርነቴን ወጥ ቤት ውስጥ ድንች ልጬ ጨርሼ በወጣሁበት ጊዜ የአጎቴ ሚስት ሞተች። የለቅሶው ድንኳን ቂርያት ዔቅሮን፣ ከፎቆቹ መሀል መኪና ማቆሚያው ላይ ተተክሏል። ሰው ከየከተማው መጥቷል። አልቃሿ መሀል ላይ ቆማለች፤ ገና አገር ቤት ሳለች ጀምሮ የታወቀች ናት። በዚያ እድሜዬ ብዙ ለቅሶ አልደረስኩም ነበር፣ አሠራሯን አላውቅም። አልቃሽ የዕለቱን ሟች ብቻ አይደለም የምታለቅሰው። ወደ ድንኳኑ የሚገባውን እያየች የሱን ሙት ታነሣለታለች፤ አሁን የሄደችዋን «ስትደርሺ እንዲህ በይልኝ» እያለች ወደ ቀደሙት ትልካታለች። ሰው ገንፍሎ የሚያለቅሰው ያኔ ነው፣ በገዛ ሙቱ።

ገባሁ። አየችኝና ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ልጁ ጎረመሰ፣ ቆሟል ከበሩ ላይ፤
አባቱን ንገሪው፣ ስትደርሺ ከሰማይ።»

ለሌላ ሰው መሰለኝ። ዞር ብዬ አየሁ፣ ከኋላዬ ማንም የለም። ደገመችው። ከዚያ የአባቴን ስም ጠራች። እናቱን አዝሎ ሲመጣ ንዳድ የበላው፣ መንገድ ዳር የቀረው አለችው። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏት። ድንኳን ሙሉ ሰው ያውቀዋል። ያ ግንብ ላይ ብርቱካን የሰጠኝ ሽማግሌ ሳይቀር እዚያ ተቀምጦ ዓይኑን በጋቢው ይጠርጋል። እኔ ብቻ ነኝ ደረቅ ዓይን ይዤ የቆምኩት፤ ያስታወቀብኝም የዓይኔ ድርቀት ነው። አጎቴ ከተቀመጠበት ተነሥቶ መጣ።

«ምነው ልጄ?»

«አባቴ ሞቷል?»

ጆሮውን ወደኔ አቀረበ። «ምን አልክ?»

«ሞቷል ወይ?»

«አልተነገረህም?»

«ማን ይነግረኛል?»

«ሰውየው። ቤቱ ነው ያደግኸው። ያሳደገ ሰው አይደለም የሚነግር?»

«በየበዓሉ ሲመጡ አንድም ቀን አልነገሩኝም።»

«የምታውቅ መስሎኝ ነዋ» አለ አጎቴ። «ፊትህ ሁልጊዜ የሐዘንተኛ ፊት ነበር። ቻለው ስልህ እችለዋለሁ ትለኝ አልነበር?»

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ለማያውቅ ልንገር። በኛ ዘንድ የሞት ወሬ እንደ ሌላ ወሬ አይነገርም። የሚያረዳው ሰው ይመረጣል፣ ሽማግሎች አብረው ይሄዳሉ፣ በማለዳ ነው። ለልጅ ከሆነ ሆዱ እስኪጠና ይቆያል። እስኪነገረው ድረስ ሌላ ሰው ትንፍሽ አይልም፤ ነውር ነው። እናቴ እኔ ባሕር ሄጄ ሳለሁ ራሷ መርዶውን ስትረዳ «ለልጁ አጎቱ ይንገረው፣ የአባቱ ወገን ነው» ብላ ተቀመጠች። አጎቴ ደግሞ ሰውየው ልጁን ቤቱ ካስገባ በኋላ የሰውየው ጉዳይ ነው ብሎ ተቀመጠ። እኔ ሳድግ ደግሞ፣ ይህን የሚያህል ጎረምሳ እስካሁን ሳይነገረው አይቀርም ብሎ ሕዝቡ ሁሉ ተቀመጠ። ማንም አልዋሸኝም። ሁሉም በጨዋነት ዝም አለኝ። ውሸት ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን እይዘው ነበር።

ከቂርያት ዔቅሮን በእግሬ መጣሁ። ገና ፀሐይ ነው። ሚቅላት ወረድኩ። ካርታ ይጫወታሉ።

«እንግዳው ወረደ» አለ ካርታውን እያየ። «ወንበር ስጡት።»

«አባቴ ሞቷል አሉኝ።»

የሁሉም እጅ ቆመ። አንዱ ካርታውን ቀስ ብሎ ደፍቶ አስቀመጠና «ያላ፣ እንውጣ» አላቸው። ወጡ። እሱ ብርጭቆውን በመዳፉ ከደነው፣ ዝንብ የሚከለክል ይመስል።

«ማን ነገረህ?»

«አልቃሿ።»

«በድንኳን? ሰው መሀል?»

«ሰው መሀል።»

«ይህማ ነውር ነው።»

«የማን ነውር ነው?»

በሌላ እጁ የተበተነውን ካርታ ይሰበስብ ጀመር።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«እኔ?» አለ። «ሚስቱን አግብቼ፣ እኔው ልጁን ቁጭ አድርጌ አባትህ ሞቷል ልበል? ደስ ብሎት ነው የሚነግረኝ አትልም ነበር?»

«እል ነበር።»

«ታዲያ።»

«አጎቴን ይጠሩት ነበር።»

«አጎትህ ደጄን አይረግጥም። መንገድ ላይ ሲያገኘኝም ይሻገራል። ምን ብዬ ልጥራው?»

«እናቴስ?»

«እናትህን ተዋት። በሐዘን ፀጉሯን ተላጭታ ቅማል ነው ያለችህ ሴት ናት። ከዚያ በላይ አቅም የላትም።»

አሁን አንድ ነገር ቀረኝ። ዕድሜዬን ሁሉ ይዤው የዞርኩት እሱን ነው።

«‹ሂድ፣ ቀኑ ገና ነው› ያሉት አንቱ ነዎት።»

ብርጭቆውን አነሣ። ሳይጠጣ መልሶ አኖረው።

«ትሰማ ነበር?»

«እግሩ ሥር ነበርኩ።»

«ቀኑን ማንም አያውቅም ነበር። ማንም። ሌሎቹም ብለውታል።»

«እኔ የሰማሁት አንቱን ነው።»

«አዎን» አለ። «እኔም የምሰማው እኔኑ ነው።» ብርጭቆውን ወዲያ ገፋ አድርጎ ደግሞ፣ «ልነግርህ እያልኩ እጠጣለሁ። ከጠጣሁ በኋላ ደግሞ በሰከረ አፍ መርዶ ይነገራል?»

እህቴ፣ እናቴ ለሱ የወለደችለት፣ ይህን ስነግራት አለቀሰች። «ምስኪን አባ» አለች። እኔ አላለቀስኩም። ይህ ሰው አባቴ ሳይሄድ በፊትም ይጠጣ ነበር፤ የአዲስ አበባው ግቢ ሁሉ ያውቃል። በኔ መርዶ አያሳብብ። ደግሞም መናገር ያቃተው ሰው ዝም ይላል እንጂ ልጅ በቀበቶ አይገርፍም። ቀኑን አያውቅም ነበር? ምናልባት። ወደ እናቴ ቀድሞ ያይ እንደነበርስ? አልጠየቅሁም። የሚመልስልኝን ሁሉ እንደማላምነው አውቄ ነው።

አጎቴ ግን ነገሩን አልተወውም። «በድንኳን የተሰማ መርዶ መርዶ አይደለም፤ እንደ ደንቡ ይነገረው» አለ። የሚስቱ ሐዘን ካለፈ በኋላ አንድ ማለዳ ከሽማግሎች ጋር ሊመጡ ተስማሙ። እኔ አውቄ፣ እንዳላወቀ ሰው ተኝቼ ልጠብቃቸው ነው። ሞኝነት ይመስላል። ቢሆንም እሺ አልኩ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፤ የሚናገረው የእንጀራ አባቴ ይሁን።

«ለምን እሱ?» አሉኝ ሽማግሎቹ።

«ሲናገር አፉን ላሽተው» አልኩ።

በሩ ሲንኳኳ ነቅቼ ነበር። እናቴ ከፈተች። አጎቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ገባ፤ ጣራውን ግድግዳውን አየ፣ ወንድሙ እዚያ ተሰቅሎ የሚጠብቀው ይመስል። ከኋላው ሽማግሎቹ ገቡ። የእንጀራ አባቴ አብሯቸው ከውጭ ነው የገባው፤ ከገዛ ቤቱ ወጥቶ፣ እንደ ደንቡ በር አንኳኩቶ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ጺሙን ተላጭቷል። መርዶ ዙሪያ ጥምጥም ተኪዶ ነው የሚነገር፤ ስለ ጤና ይጠየቃል፣ ስለ ሰው ሁሉ መንገደኝነት ይወራል፣ ቀስ እየተባለ ይደረሳል። እሱ አላወቀበትም። መሀል ቤት ቆሞ በስሜ ጠራኝ። ከሱ አፍ ሲወጣ የሌላ ሰው ስም መሰለኝ።

«አባትህ ሞቷል» አለ። «ንዳድ ነው። እናቱን ይዞ ሲመለስ ነው። ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። ሳሙና ነው።

እናቴ ጮኸች። ያን ሁሉ ዓመት አንቃ የያዘችው ጩኸት ነው፣ ደረጃው ሙሉ ሰማው። የየመኗ አሮጊት በሌሊት ልብሷ እየሮጠች መጣች።

«ማን ሞተ?» አለች በዕብራይስጥ።

«አባቱ» አለቻት እህቴ።

አሮጊቷ የእንጀራ አባቴን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ይኸው ቆሞ የለ?»

«ሌላው አባቱ።»

«መቼ?»

ሁሉም ወለሉን አየ። «ወሬው ዛሬ ነው የደረሰው» አለች እህቴ።

አሮጊቷ ሄዳ የተቀቀለ እንቁላል በሳህን ይዛ ተመለሰች፤ የሐዘንተኛ ምግብ ነው። እንቁላሉን እጄ ላይ አድርጋ፣ ሕጉን ረቢ ጠይቁ አለችን። እህቴ የሰፈሩን ረቢ በስልክ ጠየቀችው። ስትመለስ የምትለው ጠፋት። ወሬው ቶሎ ከደረሰ ለሐዘን መሬት የሚቀመጡት ሰባት ቀን ነው አለች፤ እንዲህ ከዘገየ ግን ልጁ የሚቀመጠው አንድ ሰዓት ብቻ ነው።

«ስንት?» አለ አጎቴ።

«አንድ ሰዓት።»

«ለሰው?» አለ አንዱ ሽማግሌ። «ለድመትም ያንሳል።»

«ሕግ ነው።»

«የዚህ አገር ሕግ ነው።»

ይከራከሩ ጀመር። ያዘገየሁት እኔ ነኝ እንዴ ልል ፈልጌ ተውኩት። አጎቴ የሸሚዜን አንገት ቀደደልኝ፤ ያመጣልኝ ሸሚዝ ነው። መሬት ተቀመጥኩ። ሽማግሎቹም ተቀመጡ። የእንጀራ አባቴ ጥቂት ቆሞ ቆየና ከግድግዳው ጋር፣ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ያን ያህል ጊዜ አንድ ቤት ኖረን መሬት ላይ እኩል ተቀምጠን አናውቅም። አባቴን ላስብ ሞከርኩ። እግሩ ብቻ ነው የመጣልኝ። ፊቱ አልመጣም።

ሰዓቱ አለፈ። አሮጊቷ የእጅ ሰዓቷን አይታ «በቃህ፣ ተነሥ ልጄ» አለችኝ። ሽማግሎቹ አልተነሡም። እሱም አልተነሣም። ለኔ ብሎ ይሁን፣ ለአባቴ ብሎ ይሁን፣ ጉልበቱ እምቢ ብሎት ይሁን፣ ወይስ ለቅሶ ደራሽ የሚያመጣውን እየጠበቀ ይሁን አላውቅም። ለቅሶ ደራሹ መጣ። ከሚቅላት ጓደኞቹ አንዱ የዓረቅ ጠርሙስ ይዞ ነበር። እናቴ ተቀብላ ሌላ ቦታ ስላጣች ከእንጀራ አባቴ ፊት አስቀመጠችው።

አየው። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ጠርሙሱን እስኪያነሣ ድረስ ልየው ብዬ እኔም አልተነሣሁም።